ማርክ የሚያስገኝ፣ ሰው የማይጠቅም ትምህርት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ምንድን ነው?» ቢባል መልሱ አይጠፋውም። ሁለት ዓይነት ነው፤ ሻካራና ለስላሳ። ሻካራው ፕሮቲን ይሠራል፤ ለስላሳው ቅባት ይሠራል፣ መርዝ ያረክሳል። ይህን የጻፈ ማርኩን ያገኛል። «እናትህ ከምትወስደው መድኃኒት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሲባል ግን ብዙው ዝም ይላል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከኒውክለስ ሽፋን ጋር ተያይዞ በሕዋስ ውስጥ የተዘረጋ የስስ ሽፋኖችና ቱቦዎች መረብ ነው። ሻካራ የተባለው ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች ስለተለጠፉበት ነው። ለኮምቦልቻ ልጅ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምርት የሚወጣው ተፈትሎ፣ ተሸምኖና ጥራቱ ታይቶ ነው። በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። ጥሬው ሰንሰለት መረቡ ውስጥ ገብቶ በልኩ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወደ ጎልጂ ይላካል። በትክክል ያልታጠፈው ተይዞ ይፈርሳል። ጫናው በዝቶ ከዘለቀ ሕዋሱ ሊሞት ይችላል፤ ተመራማሪዎች ይህን ከስኳር በሽታ መንስኤዎች ጋር ያያይዙታል።

ለስላሳው መረብ በጉበት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ፌኖባርቢታልን እንውሰድ ቢባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጥል በሽታ በሰፊው የሚታዘዝ፣ ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ነው። አዘውትሮ ሲወሰድ ግን በጉበት ያለው ለስላሳ መረብ ይሰፋል፤ መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይሞችም ይበዛሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች ሌሎች መድኃኒቶችንም ቶሎ ይሰብራሉ። የወሊድ መከላከያ እንክብልና ክንድ ላይ የሚቀበረው አቅማቸው ይቀንሳል። ይህን ያልተነገራት ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለፅንሱ አስጊ ነው። መፍትሔው የሚጥል በሽታውን መድኃኒት በራስ ማቆም አይደለም፤ እሱ የባሰ አደጋ አለው። የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪም ተናግራ የሚስማማትን መከላከያ መምረጥ ነው።

«ቤተ ሙከራ በሌለበት ምን ይደረግ?» የሚል መከራከሪያ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት መዘረፋቸው እውነት ነው፤ መተካትም አለባቸው። ነገር ግን ይህ መረብ ድሮም በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ጎልቶ አይታይም። በ1940ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኪት ፖርተርና ባልደረቦቹ ያዩት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ለዚህ ትምህርት የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

ሽምደዳው ለፈተናም አልበጀም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 እና 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ሐኪም፣ ኮምቦልቻ ላይ መሐንዲስ ያሠለጥናል። የጤና ተማሪዎቹ በሴሚስተር አንድ ቀን ወደየትምህርት ቤቱ ወጥተው የኢንሱሊንንና የፌኖባርቢታልን ታሪክ ቢያስረዱ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። መምህሩም ከ«ዘርዝር» ይልቅ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ተማሪው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ይኖረዋል።