ገዢው ለምን ወደ ቻይና ስኩዌር ሄደ?
በጃንዋሪ 2023 ናይሮቢ ቲካ መንገድ ላይ ቻይና ስኩዌር ሲከፈት ገዢው ጎረፈ። የወጥ ቤት ዕቃው፣ ፕላስቲኩ ከከተማው ሱቆች ይረክስ ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የናይሮቢ ነጋዴዎች ሰልፍ ወጡ፤ የንግድ ሚኒስትሩ ሞሰስ ኩሪያም ቻይናዎች አምራች እንጂ ነጋዴ ሆነው አይምጡ አሉ። ሱቁ ጥቂት ቀን ተዘግቶ መልሶ ተከፈተ። ገዢዎቹስ? ብዙዎቹ ለነጋዴው አላዘኑም፤ እስከ ዛሬ ከልክ በላይ አትርፈውብናል ብለው ተቆጡ እንጂ።

እኛ የሶሎሎ ነጋዴዎች ቢመረንም ገዢውን አንወቅስም። እኛም ለቤታችን ስንገዛ ርካሹን ነው የምንፈልገው። ግን ዋጋ ሲነጻጸር የዱቤ ደብተራችን አይታይም። በድርቅ ጊዜ ከብት እስኪሸጥ የምንጠብቀው እኛ ነን፤ ያ መጠበቅ ዋጋው ውስጥ አለ።

ከድንበሩ ማዶም ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በመመሪያ ቁጥር 1001 ጅምላውንም ችርቻሮውንም ለውጭ ባለሀብት ከፍታለች። ሰልፍ አያዋጣንም። ኢስትሊ ሄደን ለየብቻ አምስት አምስት ካርቶን ከምንገዛ፣ አምስት ሆነን ሀያ አምስቱን በአንድ ላይ ብንገዛ ዋጋውም የጭነት ኪራዩም ይቀንሳል። የዱቤውንና የእጅ በእጁን ዋጋ ለይቶ መንገርም ነውር የለበትም። እጅ በእጅ የምትከፍል እናት የሌላውን ዱቤ ለምን ትሸከማለች?