ድሪቶና የፍሪዘር ወረቀት

ስደተኛ በተሰበሰበበት ቦታ «ወረቀት» የሚል ቃል ከተነሳ ጆሮ ሁሉ ወደዚያው ይዞራል። ማን ወረቀት አገኘ? ማንስ ተከለከለ? «ኤን» ነው፣ «ኤፍ» ነው ወይስ «ቤ»? በዚህ አገር ኑሯችን በፊደል የተቆጠረ ነውና አይፈረድብንም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሳው ወረቀት ግን ማኅተም የማይመታበት፣ አሜሪካኖች ሥጋ ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ የሚያስቀምጡበት ወረቀት ነው። «እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እባካችሁ አትቸኩሉ፤ ነገሩ የእናት ነጠላ አለበት።

ዙሪክ የምትኖር አንዲት እህታችን እናቷ አገር ቤት ዐረፉባት። ወረቀቷ «ኤፍ» ነውና ለቀብር አልደረሰችም። ለቅሶውን እዚሁ ተቀመጥን፤ እንደ ደንቡ ቡናው ተፈላ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የእናቷን ሁለት ነጠላና አንድ የሐበሻ ቀሚስ አደረሰላት። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱም አያታቸውን በፎቶግራፍ እንጂ በዐይን አያውቋቸውም። ለእያንዳንዳቸው ከአያታቸው ልብስ ቁራጭ ያለበት የአልጋ ልብስ ልስፋላቸው ብላ ተነሳች። መርፌ የሚያውቁ ሴቶች ተጠሩና እኔም ከጄኔቫ በባቡር ሄድኩ።

በመካከላችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። መቀሱን ሲያዩ ደነገጡ። «አንቺ ልጅ፣ የእናትሽን ነጠላ ልትቆራርጪው?» አሏት።

«እማማ፣ ለቀብሯ አልደረስኩ። ሻንጣ ውስጥ ብል ሲበላው ከማይ ልጆቼ ይሙቁበት» አለች።

እማማ ዝም አሉ፤ ነጠላውን ወደ ጭናቸው ስበው ጥለቱን ዳሰሱት። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ጥለቱን አትንኪ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ በዚህ ፍርድ ሥር የተሠራ ነው።

በቋንቋችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ክብር ኖሮት አያውቅም። ድሪቶ ለባሽ ስንል ያጣ የነጣ ማለታችን ነው። ፈረንጆቹ ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥለው የሠሩትን «ፓችዎርክ» ብለው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። በመርፌና በክር በኩል ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነታቸው፣ ድሪቶ የተቀደደውን ለመጠገን ይጣፋል፤ ፓችዎርክ ደግሞ ደህናውን ጨርቅ ሆን ብሎ ቆርጦ ይቀጥላል። እኛን የሚከብደን ይኸው ደህናውን መቁረጡ ነው። ያውም ሁለተኛ የማይገኝ ጨርቅ ሲሆን!

የተጋዙ ሰዎችም በዚህ ሥራ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 «ራጃ» በምትባል መርከብ 180 ያህል እስረኛ ሴቶች ከእንግሊዝ አገር ዛሬ ታዝማኒያ ወደሚባለው ደሴት ሲጋዙ፣ የበጎ አድራጎት ሴቶች ጨርቅ፣ መርፌና ክር ሰጥተዋቸው ነበር። ከመርከቧ ሲወርዱ 2,815 ቁራጭ ያለበት ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰፍተው ነበር። ዛሬ በካንቤራ፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛል።

በወረቀት መስፋቱም የዛሬ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1718 የተሰፋ የሐር የአልጋ ልብስ ከነውስጥ ወረቀቱ ተጠብቆ ቆይቷል። ጨርቁን በቅርጽ በተቆረጠ ወረቀት ላይ እያጠፉ ነበር የሚሰፉት፤ ያረጀ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ሳይቀር ለዚህ ይውል ነበር። የእኛም ልብስ ሰፊዎች በአሮጌ ጋዜጣ ልክ ሲያወጡ ያየን ነን።

ታዲያ የፍሪዘሩ ወረቀት ምን የተለየ ነገር አለው? በአንድ ገጹ ስስ ፕላስቲክ ተቀብቷል። የሚያብለጨልጨውን ገጽ ወደ ጨርቁ አድርገው በካውያ ሲጫኑት ይጣበቃል፤ ሲፈልጉ ደግሞ ምልክት ሳይተው ይላጣል። መልሶ ይጣበቃል፤ አንዱ ቅድ አምስት ስድስት ጊዜ ያገለግላል። ተራ ወረቀት ላይ የሚሰፋ ሰው ስፌቱ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ከክሩ ሥር እየቀደደ ማውጣት አለበት። ሸማ ደግሞ ልል ሽመና ነው፤ ወረቀቱ ሲጎተት ክሩም አብሮ ይጎተታል፣ በሰያፍ ከተያዘም ይለጠጣል። የፍሪዘሩ ወረቀት እንዳይለጠጥ ያጸናዋል፤ መርፌም ስለማይወጋው የሚቀደድ ነገር የለም።

አሠራሩን በተራ ላስረዳ።

መጀመሪያ ማጠብ ነው። የካውያ ሙቀት የቅቤና የቅባት እድፍን እዚያው ያስቀረዋል፤ ያልታጠበ ሸማም ኋላ ይሰበሰባል። የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫፉን ሞክሩት፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እጠቡት። እህታችን እዚህ ላይ ነበር እጇን የሰበሰበችው፤ የእናቷ ጠረን በነጠላው ላይ ነበርና። ሁለት ነጠላ መኖሩ በጀ። አንደኛው ሳይታጠብ፣ ሳይነካ ታጥፎ ወደ ቦታው ተመለሰ። የታጠበው ሌላኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ንድፉን በወረቀቱ ደብዛዛ ገጽ ላይ ሣሉ፤ እያንዳንዱን ቅርጽ ቁጥር ስጡትና ቁረጡት። ወረቀቱ የሚጣበቀው በጨርቁ ጀርባ ስለሆነ ሥራው ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ይሆናል። ለኮከብና ለመስቀል ግድ የለም። የልጁን ስም መነሻ ፊደል የምትሠሩ ግን ተጠንቀቁ፤ «ተ» ቢገለበጥም «ተ» ነው፣ «ነ» ግን ፊቱን ያዞርባችኋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ገልብጣችሁ ሣሉት። ንድፉ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም የእነርሱ ወረቀት ከኛ «ኤ4» ልኩ ይለያል፤ ማተሚያው ከገጹ ጋር ላስማማ ብሎ ንድፉን እንዳያሳንሰው መቶ በመቶ ብላችሁ እዘዙት። በንድፉ ላይ አንድ ኢንች የሚል አራት ማዕዘን ካለ በማስመሪያ ለኩት፤ ከ25 ሚሊ ሜትር ትንሽ ማለፍ አለበት።

ሦስተኛ፣ መደርደር። ነጠላ ድርብ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሁለቱን ሳትለያዩ በጊዜያዊ ክር አያይዙት። ለስፌት በየዙሪያው 6 ሚሊ ሜትር ያህል መትረፍ ስላለበት፣ በሁለት ቅርጾች መካከል 13 ሚሊ ሜትር ክፍት ተዉ። ካውያው እንፋሎት የሌለው፣ ደረቅና መካከለኛ ሙቀት ያለው ይሁን፤ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። እኛ ቅርጾቹን ሁሉ ካጣበቅን በኋላ ከእማማ ጥለት ጋር የተጋጩ አራት ቅርጾች አገኘን። ላጥናቸው፤ አዛወርናቸው። የተባለው ወረቀት ዋናው ጥቅም እንግዲህ ይኸ ነው። ስህተቱ በወረቀት ላይ ያልቃል፤ መቀሱ የሚመጣው ሁሉም አይቶ «እሺ» ካለ በኋላ ነው። ነጠላው ሲቆረጥ በቤቱ ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

አራተኛ፣ ማያያዝ። በስፌት መኪና የሚሠራ ሰው ሁለቱን ቁራጭ ገጽ ለገጽ ገጥሞ የወረቀቱን ጠርዝ ተከትሎ ይስፋ፤ ጠርዙ እንደ ማስመሪያ ይመራዋል። በእጅ የሚሠራ ደግሞ የተረፈውን 6 ሚሊ ሜትር በወረቀቱ ላይ አጥፎ ጠርዝ ለጠርዝ በጥቃቅኑ ይዘምዝም፤ ዙሪያው ሲገጠም ወረቀቱን ላጥ ማድረግ ነው።

ተራ ጨርቅ ለምታቀጣጥሉ ሌላ መንገድም አለ። ንድፉ ሳይቆራረጥ በአንድ ወረቀት ላይ ይቆይና መስመሮቹ አስቀድመው ይታጠፉ። የመጀመሪያው ጨርቅ በካውያ ይጣበቅ። ወረቀቱን በመስመሩ ላይ ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ሁለተኛውን ጨርቅ ገጽ ለገጽ ደርቡና ከእጥፋቱ ጎን ለጎን፣ ወረቀቱን ሳትወጉ ስፉ። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግታችሁ አዲሱን ጨርቅ በካውያ አጣብቁ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሹል ጫፍ ያለው ኮከብ በዚህ መንገድ ጫፉ ሳይቆረጥ ይወጣል።

የስፌት መኪና ለሌላቸው የጄኔቫ ሰዎች አንድ ወሬ ልንገራችሁ። ራሞን ካሳስ የሚባል የስፔን መሐንዲስ የነደፋት አረንጓዴዋ «ኤልና» ከ1940 ጀምሮ የተሠራችው በዚሁ በጄኔቫ፣ ታቫሮ በሚባለው ፋብሪካ ነበር። ማስቀመጫ ሣጥኗ ሲዘረጋ የሥራ ጠረጴዛ ይሆናል። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ መኪናዎቹ ግን አልሞቱም። ረቡዕና ቅዳሜ በፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዞር ዞር ብትሉ፣ በዙሪክም «ብሮኪ» የሚሏቸውን ሱቆች ብትጎበኙ አሮጌ መኪና አይታጣም። እሑድ ግን መኪናውን አታስጩኹ። በዚህ አገር እሑድ የሚያንኳኳ ጎረቤት ወዳጅ ሆኖ አይመጣም። በእኛም ሰንበት ነው።

ወረቀቱን ከየት ታገኙታላችሁ? ሚግሮና ኮፕ መደርደሪያ ላይ አትድከሙ። እዚያ ያለው የመጋገሪያ ወረቀት ነው፤ ሲሊኮን የተቀባው እንዳይጣበቅ ተብሎ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሰም የተቀባ ወረቀትም አትሞክሩ፤ ሰሙ ቀልጦ ጨርቃችሁን ያበላሻል። ትክክለኛውን የፓችዎርክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያስመጣሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ነው። አሜሪካ ተራ የምግብ መደብር ውስጥ በጥቅል ይሸጣል፤ የተለመደው ወርዱ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለጥቂት ዶላር የሚገዛ፣ እንደ በርበሬ ሻንጣ የማያሸት፣ ጉምሩክም የማይጠይቅበት ዕቃ ነውና «ምን ላምጣላችሁ?» ሲሉ እንዳትረሱት።

በየቤታችን ቁም ሣጥን አናት ላይ የማይለበስ፣ የማይሰጥ፣ የማይጣል ልብስ ያለበት ሻንጣ አለ። የአባት ጋቢ፣ የእናት ነጠላ፣ ስንመጣ የለበስነው ኮት። እኔ ቁረጡት አልልም፤ ያ የእያንዳንዱ ቤት ፍርድ ነው፤ ሽማግሌ ካለ ሽማግሌው ይጠየቅ። ለመቁረጥ የወሰነ ግን በአሮጌ ሸሚዝ ይጀምር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰፍቶ እጁ ሲለምድ ወደ ሻንጣው ይሂድ። ልጆቻችን የአማርኛ ደብዳቤ ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ። ከአያታቸው ነጠላ የተሰፋ የአልጋ ልብስ ውስጥ ለመተኛት ግን ፊደል መቁጠር አያስፈልጋቸውም።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ሳምንት ሰው ይበለን።