ምጣዱ ሳይሟሽ

ከወልድያ ገበያ አዲስ ምጣድ ገዝቶ የገባ ሰው በዚያው ዕለት እንጀራ ልጋግርበት አይልም። ባለሙያ እናቶቻችን በመጀመሪያ ያሟሹታል፤ በጎመን ዘርም ደጋግመው ያስሱታል። ይህ ካልተደረገ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። ጥፋቱም የሊጡ ሳይሆን የምጣዱ ገጽ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የአያሌ ስልኮች ስክሪን የሚያበራው ኦሌድ በሚባል፣ ከካርቦን ውሑዶች በተሠራ ስስ ንጣፍ ነው። የኮዳክ ተመራማሪዎች ታንግና ቫን ስላይክ በ1987 እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ ሲገልጹ፣ የንጣፎቹ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ እምብዛም አይበልጥም ነበር። እንግዲህ በዚህ ሥር አንዲት ትቢያ ብትገኝ መብራቱን ለማበላሸት ትበቃለች።

ብርሃን አሳላፊው ኤሌክትሮድ በመስተዋት ላይ የተቀባ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ነው። ገጹ የእጅ ቅባት ወይም ከአየር ያረፈ እድፍ ካለበት ኤሌክትሪኩ ወደ ንጣፉ ለመግባት ይቸገራል። በሳሙናና በአሴቶን ታጥቦ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኦዞን ሲጸዳ ግን እድፉ ይወገዳል፤ የገጹም የኃይል ደረጃ ወደ ንጣፉ ይቀርባል፤ መብራቱም በአነስተኛ ቮልት ይበራል። ዕቃው ያው ነው፤ ልዩነቱ የገጹ ዝግጅት ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ ከስዊድን ሊንሾፒንግ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ አሉሚኒየምና ፖሊመር በሚገናኙበት ገጽ ላይ ያደረጉትን ምርምር በ1993 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ወደ ወልድያችን እንመለስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማይቱ በጦርነት ስትያዝ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፤ ወድሟልም። የጠፋውን መተካት ግዴታ ነው። ነገር ግን ለግዢ የሚፈርሙ ወጣት ሹማምንት የትልቁን ማሽን ዋጋ ብቻ አይመልከቱ፤ ንጹሕ ውሃ፣ አሴቶን፣ ጓንትና ትቢያ የማይገባበት ክፍል አስቀድሞ መኖሩን ይጠይቁ። ያለ እነዚህ ማሽኑ ቢመጣ፣ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ቃል አለን። እኛ ራሳችን ዩኒቨርሲቲ ሳለን መስተዋት ማጠብን የዘበኛ ሥራ አድርገን ቆጥረነው ነበር። ተሳስተናል። ያ እጥበት የሙከራው መቅድም ሳይሆን የሙከራው እኩሌታ ነው። ምጣዷን ሳታሟሽ እንግዳ የጠራች ባለሙያ የለችም፤ እኛም ከእርሷ ልናንስ አይገባንም።