ነጭ ዓሣ በፍልሰታ

ባለፈው ፍልሰታ ባሕር ዳር ነበርኩ። አንድ ማለዳ ዓሣ ከጀልባ ወርዶ በሚበለትበት ዳርቻ ቆሜ፣ አንዲት ሴት ክንዷን የሚያህል ነጭ ዓሣ ስትበልት አየሁ። ቢላዋዋን አንዴ ሳብ አድርጋ ሆዱን ስትከፍተው ውስጡ ሙሉ እንቁላል ነው፤ ቢጫ፣ እንደ ማሽላ ፍሬ እርስ በርሱ የተጣበቀ። በእጇ ጠርጋ ወደ ውሃው ወረወረችው። ሁለት ፔሊካኖች ተሻሙበት።

«ሁሉም እንዲህ ነው እንዴ?» አልኳት።

«በዚህ ወር ያልቋጠረ የለም ወንድሜ» አለችና ቀጣዩን አነሳች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ትናንቱን ከዚያው ዓሣ ለብለብ በልቻለሁ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ምግብ ቤቶቹ ግን ከፈረዱ ቆይተዋል፤ ጾም ሲገባ ገበያው ይደራል። በሁዳዴ ሲደራ ብዙም አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የፍልሰታው ነው፤ ምክንያቱም ነሐሴ ነጭ ዓሣ ሊወልድ መንገድ የሚጀምርበት ወር ነው።

ጣና ሲያዩት ባሕር ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ፣ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ብታሰጥሙበት በአብዛኛው ቦታ ጣሪያው ብቅ ይላል። ከሐይቁ በታች፣ ዓባይ ላይ ደግሞ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። እንዲህ ተዘግቶ በኖረ ሐይቅ ውስጥ፣ እኛ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ወገን 15 ያህል ዝርያ ሆኗል። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድኖ ይበላል፤ ያውም መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ዘር ሆኖ! ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ይህን የመሰለ የዝርያ ስብስብ ነበር። ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እኛ ግን የእኛን ጉላሽ እናደርገዋለን።

ቀረሶ ሌላ ነው። እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ ስለሚፈለፍል ከሐይቁ መውጣት አያስፈልገውም፤ ዳር ዳሩ ላይ ደንገልና ቄጠማ ካልጠፋበት ይተካል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ግን ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይሄዳሉ። እንቁላላቸው ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፤ እሱ የሚገኘው ከላይ፣ በገባሮቹ ውስጥ ነው። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አጥማጁም ይህን ከተመራማሪ በፊት ያውቃል። መረቡን እዚያው ይጋርድና በአንድ ሌሊት ጀልባውን ይሞላል። ያመለጠውን ደግሞ ላይኛው ወንዝ ላይ ብርብራ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚበትን ሰው ይጠብቀዋል።

ድሮ በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ ርቆ ማጥመድ አይቻልም ነበር። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከሆላንድ የመጡ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መረብ ውስጥ የገባውን ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ቀንሶ አገኙት። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ! ከዚያ ወዲህ ደግሞ ርካሹ የፕላስቲክ ክር መረብ ሐይቁን ወርሶታል።

ስለ ጣና ሲወራ የምንሰማው እንቦጭ ብቻ ነው። እንቦጭ ችግር አይደለም አላልኩም፤ ወገቡ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል የዋለውን ገበሬ አይቻለሁ። ግን አረም ፎቶ ይነሣል። የጎደለ ዓሣን ማን ፎቶ ያነሣዋል? የርብ ግድብ ዓሣው የሚወጣበትን መንገድ ሲያቋርጥ፣ በበጋ የመስኖ ፓምፖች ወንዞቹን ሲያደርቁ፣ አሸዋ ሲጫን፣ ዘመቻ አልተጠራም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቁጥሩ 315/1995 ነው። ያን ማለዳ ዳርቻው ላይ አዋጁ መኖሩን የሚያስታውስ ነገር አላየሁም።

አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ግን ዝም አሰኙኝ። ሐይቁ ሁለት ወር ቢዘጋስ ስላቸው፣ «ልጄ፣ መሬት ያለው ይዝጋ። የእኔ ማሳ ይኸው ነው» አሉኝ፣ በአገጫቸው ውሃውን እያሳዩ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ የሚሉትን አልደግፍም። የወንዞቹ አፍ ብቻ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ማብቂያ ከመረብ ይጽዳ፤ ቀረሶና አምባዛ በመሐል ሐይቁ ይጠመድ። ለጎደለው ገቢ ደግሞ ከጣና ውሃ መብራት የሚሸጠው መንግሥት ቢክስ ነውር የለበትም። ወንዞቹ አራት አምስት ናቸው። በጥቂት ጀልባ ይጠበቃሉ።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ አስተናጋጁን ዓሣው ምን ዓሣ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የጣና ነው ጋሼ፣ ትኩስ።»

«ቀረሶ ነው ነጭ?»

ግራ ገብቶት ወደ ማድ ቤት ሄደና ተመለሰ። ነጭ ነው። ሽሮ አዘዝኩ፤ ቀዝቅዞ መጣ።