ሰባት ፓስፖርቶች

በእኛ አገር «ፈረንጅ ያስተምራል» የሚል ቃል አንድን ትምህርት ቤት ለማሻሻጥ ይበቃል። ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ በሚወርደው መንገድ ዳር በየከተማው የበቀሉት የግል ትምህርት ቤቶች ይህንን ያውቁታል። ወላጅ መጥቶ ያያል፤ ሰውየውን ግቢ ውስጥ ካየው የልጁን መመዝገቢያ ከፍሎ ይሄዳል። ምን ተምሯል? ከዚህ በፊት የት አስተምሯል? ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። እኔን ሲቀጥሩኝ ግን ዲግሪዬን፣ የሥራ ልምዴን፣ መልቀቂያዬንና የተያዥ ፊርማ ሳይቀር ጠይቀውኛል። አልተቀየምኩም፤ መጠየቅ ተገቢ ነው። የምሟገተው ጥያቄው ለምን ለአንዱ ብቻ ይቀራል ብዬ ነው።

ይህ እምነት የእኛ ድህነት የወለደው ብቻ አይደለም፤ በመንግሥታት ሕግ ተጽፎ የሚሠራበት ነው። የደቡብ ኮሪያን የእንግሊዝኛ መምህራን ቪዛ እንይ። በዋናው ደንብ ቪዛው የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። የሚፈለገው ዲግሪ በማናቸውም የትምህርት ዘርፍ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሥራ የሰለቸው፣ የሽያጭ ሥራ ያታከተው ወጣት አንድም ቀን ጠመኔ ሳይጨብጥ ሻንጣውን ጭኖ «መምህር» ይሆናል። በኋላ በንግድ ስምምነት ሕንዳውያን ሲጨመሩ ደግሞ የመምህርነት ፈቃድ አምጡ ተባሉ። ልብ በሉ! ሰባቱ ያልተጠየቁትን ስምንተኛው ተጠየቀ።

ለዚያች አገር በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ባሕር ተሻግሮ ተዋግቷል። ውለታ ቆጠራ ውስጥ ልገባ አይደለም፤ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እዚሁ ሻሸመኔ ዐጼ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩ ጃማይካውያን አሉ። እንግሊዝኛን የተወለዱበት ናቸው። አገራቸው ግን ከሰባቱ ውስጥ የለችም። እንግዲህ «አፍ መፍቻው ስለ ሆነ ነው» የሚለው ምክንያት የት ገባ? አፍ የሚፈታው በእናት ቤት እንጂ በፓስፖርት መሥሪያ ቤት መስሎኝ ነበር።

«የሰላም ጓዶቹስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አስተምረው የማያውቁ፣ ከኮሌጅ ወንበር የተነሡ ልጆች ነበሩ። ናዝሬትም ደርሷታል፤ ዛሬም በከተማችን ስማቸውን በፍቅር የሚያነሡ አዛውንቶች አሉ። ፍቅሩን አልነጥቃቸውም። ግን ያኔ የመጡበትን ሁኔታ እንመዝን። አገሪቱ ዲግሪ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ ወጣቶቹም ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛን ጨምሮ ሥልጠና ወስደዋል። ባዶ ቦታ ሞሉ። ዛሬ የሚመጣው የሚሞላው ባዶ ቦታ የለም፤ የሰው ወንበር ነው የሚወስደው።

ደግሞም ልምድ የሌለው ሁሉ አያስተምር አላልኩም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያገለግሉ ግዴታ ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም ያስተማሩ ነበር። እነርሱም ጀማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን ልጁ ሲያፍር ያውቁታል፤ ለምን ዝም እንዳለም ያውቃሉ።

ይህ «ማወቅ» ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሙያ ነው። ስሟን የማልጠራት አንዲት ትምህርት ቤት 14 ዓመት ያስተማረ ባልደረባዬን ክፍለ ጊዜ ነጥቃ የኢንሹራንስ ሥራውን ትቶ ለመጣ አንድ እንግዳ ሰጠች። ሰውየው ደግ ነበር፤ ይህን አልክድም። አንድ ቀን ከምሳ ሰዓት በፊት አንድ ልጅ ተነሥቶ «አይ ዋዝ ሃንግሪ» አለው። «መቼ? ትናንት?» አለ እንግዳው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ተቀመጠ። ከኋላ ወንበር ሆኖ እንዲረዳ የተመደበው ባልደረባዬ ግን ልጁ የት እንደ ወደቀ ወዲያው ገብቶታል። እኛ አሁን ሲርበን «ራበኝ» እንላለን፤ አሁን ሲደክመን «ደከመኝ»፤ አስተናጋጁም ገና ሳይመጣ «መጣሁ» ይላል። ስሜቱ የአሁን ነው፤ ግሡ ያለፈ። ልጁ አማርኛውን በታማኝነት ተረጎመ እንጂ አላጠፋም። ይህን የሚያስረዳው ሁለቱንም ቋንቋ የኖረበት ሰው ብቻ ነው።

ድምፁም እንዲሁ ነው። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢ አያጣብቁም፤ ስለዚህ «እስፖርት» እንላለን፤ በአፋን ኦሮሞም «ኢስፖርቲ» ተብሎ ይጻፋል። (አያቴ ደግሞ ፖስታን «ቦስታ» ነበር የሚሉት፤ ነፍስ ይማር።) ተናጋሪው ሲወለድ ጀምሮ አጣብቆ ስለሚናገር ማጣበቅ ሥራ መሆኑን አያውቅም። ደረጃ የሌለበት ቤት ያደገ ሰው ሌላውን ደረጃ መውጣት እንዴት ያስተምረዋል?

አንድ ጊዜ ሞክረነዋል እኮ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይወርድ ነበር። ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነበር። የኛ ድርሻ መክፈትና መዝጋት ሆነ። ልጁ አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያይም፤ ይቀጥላል። የተናጋሪው አፍ ብቻውን ያስተምር ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ባስተማረ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በልጁ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎታል፤ ያ ሥርዓት ዛሬም አልተነሣም። የአዳማ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረውን ሳይንስ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ይገናኘዋል። ባዮሎጂ የወደቀው ባዮሎጂ ስላልገባው ላይሆን ይችላል። ያንን ልጅ የሚያሻግረው መምህር ግን ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ተራ ይጠብቃል፤ ደመወዙ ወር አያደርሰውም። ለውጭ አገር ሰው የሚከራየው ቤትና የሚገዛው ሞባይል ካርድ ለእርሱ ታስቦ አያውቅም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ባለቤቶች የማቀርበው አቤቱታ አጭር ነው። በሚቀጥለው መስከረም ሁለት አመልካቾች ቢሮአችሁ በር ላይ ቢቀመጡ፣ አንዱ ፓስፖርት ሌላው የመምህራን ኮሌጅ ወረቀት ይዘው፣ ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ አንድ ተማሪ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥቶ «አይ ዋዝ ሃንግሪ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?