ሽውሽውታው የማን ነው? ስለ ሎፋይ ሙዚቃና ስለ ቤት ካሴቶች

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የንባብ ክፍል ለሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚታየው መጽሐፍ ሳይሆን ኢርፎን ነው። አጠገቤ የሚቀመጡትን ባልንጀሮቼን ምን እንደሚሰሙ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የዘፋኝ ስም አይጠሩልኝም፤ «ሎፋይ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለት ምዕራፎች የጻፍኩት በዚሁ ሙዚቃ ታጅቤ ስለሆነ፣ የሚከተለው አስተያየት ራቅ ብሎ ከሚነቅፍ ሰው የመጣ አይደለም። ይሁንና የማጠናው ሰዎች በየቤታቸው የቀዷቸውን ካሴቶች በመሆኑ፣ ቃሉ ከመዝናኛ አልፎ ወደ ጥናት መስኬ ሲገባ በዝምታ ማሳለፍ አልቻልኩም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሎፋይ» ከእንግሊዝኛ የመጣ አኅጽሮት ሲሆን «ዝቅተኛ ታማኝነት» እንደ ማለት ነው። ታማኝነቱ የቅጂው ነው፤ ቅጂው ለመጀመሪያው ድምፅ ምን ያህል ታምኗል ለማለት ነው። የድምፅ መሣሪያ አምራቾች ዕቃቸውን «ሃይፋይ» እያሉ ሲያሞግሱ ተቃራኒው የነቀፋ ስም ሆኖ ቆየ። ነቀፋው ወደ ሙገሳ መዞር የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 ያወጣውን «ኔብራስካ» የተባለ አልበም የቀዳው በቤቱ፣ ባለ አራት ትራክ በሆነ የካሴት መቅጃ ነበር። ያሰበው ለባንዱ መነሻ የሚሆን ረቂቅ ነበር፤ ሆኖም ረቂቁ ከስቱዲዮው ሥራ በልጦ ስለተገኘ እንዳለ ታተመ። በ1986 ደግሞ ኒው ጀርሲ የሚገኘው ደብሊው ኤፍ ኤም ዩ የሬዲዮ ጣቢያ በቤት የተቀዱ ሙዚቃዎችን የሚያሰማ ዝግጅት በዚሁ ስም ማሰራጨት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ቃሉ የሚገልጸው የአቅም ውስንነትን ነበር፤ የነበረውን መሣሪያ የተጠቀመ ሰው ውጤት።

ዛሬ የንባብ ክፍላችንን የሞላው ሎፋይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥሩ ከሂፕ ሆፕ ይመዘዛል። ሁለት ስሞች ሁልጊዜ ይነሳሉ፤ አንዱ «ዶናትስ» የተባለው አልበሙ በየካቲት 2006 በወጣ በሦስተኛው ቀን ያረፈው የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ሲሆን፣ ሌላው በ2004 ለተሰራጨው «ሳሙራይ ቻምፕሉ» ለተባለ የጃፓን የካርቱን ተከታታይ ፊልም ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ የሆነው ኑጃቤስ ነው። አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከአሮጌ የጃዝ ሸክላ ጥቂት ሰከንዶች ይቆረጣሉ፤ ቁራጩ እየተደጋገመ ይዞራል፤ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 የሚደርስ ዝግ ያለ ምት ይገባበታል፤ ከበሮው አንዳንዴ ከሚጠበቅበት ቦታ ለቅጽበት ዘግየት ይላል፤ ቀጭኖቹ ድምፆች በማጣሪያ ይወገዱና ሙዚቃው ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ይለዝባል። በመጨረሻም የሸክላ መንጫጨት፣ የቴፕ ሽውሽውታ፣ ብዙ ጊዜም የዝናብ ድምፅ ይጨመርበታል።

«ይጨመርበታል» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር ያለ ሽውሽውታ መቅዳት ይችላል። በሎፋይ ውስጥ ያለው ትርፍ ድምፅ ሊወገድ ያልቻለ ጉድለት ሳይሆን፣ ወጡ ከበሰለ በኋላ እንደሚነሰነስ ማጣፈጫ ተመርጦ የገባ ነው።

ታዲያ ሰው ይህን ለምን ይወደዋል? ከሁሉ ቀላሉ ምክንያት አብዛኛው ሎፋይ ግጥም የሌለው መሆኑ ነው። ሳላሜ እና ባደሊ በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ቃል ያለው ዘፈን በጊዜያዊ የቃላት ትውስታ ላይ በመሣሪያ ብቻ ከሚቀርብ ሙዚቃ ይልቅ የበረታ ረብሻ እንደሚያደርስ አሳይተዋል። አንብቦ ለመረዳት የሚታገል ተማሪ በጆሮው ሌላ ቋንቋ ሲገባበት ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንደሚያናግሩት ይሆናል። ሁለተኛው ድግግሞሹ ነው። ዛዮንክ በ1968 እንዳመለከተው፣ አንድን ነገር ደጋግሞ ማግኘት ብቻውን ነገሩን እንድንወደው ያደርጋል፤ በየአሥር ሰከንዱ የሚመለስ ዜማ ደግሞ አዲስነቱ ቶሎ ያልቅና ልብ ከመጠባበቅ ያርፋል። ሽውሽውታውም ቢሆን ሥራ አለው። ሳይቋረጥ የሚሰማ ወጥ ድምፅ የወንበር መጎተትን፣ የበር መንኳኳትን፣ የጎረቤትን ሳል ይሸፍናል። መጋረጃ ነው።

ብቸኝነትም አለ። ሎፋይ ገርል በሚል ስም በዓለም የታወቀውና ከፈረንሳይ የሚተዳደረው የዩቲዩብ ገጽ የሚያሳየው፣ ኢርፎን አድርጋ ያለማቋረጥ የምትጽፍ አንዲት ልጅን ነው። ከመስኮቷ ውጭ የሚታየው ሰፈር የሊዮን ከተማን አምሳል ይዟል። ሥርጭቱ በሐምሌ 2022 ሐሰተኛ በሆነ የቅጂ መብት ክስ ሲቋረጥ ከ20,000 ሰዓት በላይ ሳያቆም ዘልቆ ነበር። ያች ልጅ ዘፋኝ አይደለችም፤ ምንም አታቀርብም፤ እንደኛው ሥራዋ ያላለቀላት ናት። ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከማጣቀሻ ዝርዝር ጋር የሚታገል ሰው ለምን እንደሚወዳት ለማስረዳት ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም።

የሎፋይን ተወዳጅነት በትዝታ የሚያስረዱ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ ግን አልስማማም። ትዝታ፣ በተለይ እኛ ቃሉን በምንጠቀምበት መንገድ፣ ባለቤት ያለው ነገር ነው። ሰው የሚያስታውሰው የሆነ ሰውን፣ የሆነ ቦታን ነው፤ ትዝታ ሲዘፈንም አድማጩ የራሱን ሰው ይዞ ይገባበታል፣ ሥራውንም ይተዋል። ሎፋይ የሚያቀርበው ግን የማንም ያልሆነ ትላንት ነው። በሸክላ ማጫወቻ ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የሃያ ዓመት ወጣቶች በሸክላ መንጫጨት የሚረጋጉት የሚያስታውሱት ነገር ኖሯቸው አይመስለኝም። የሚያረጋጋቸው ድምፁ ምንም እንዲያስታውሱ አለመጠየቁ ነው።

አማርኛ በ«መስማት» እና በ«ማዳመጥ» መካከል የሚያደርገው ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሎፋይ እንዲሰማ እንጂ እንዲደመጥ የተሠራ አይደለም። ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም። ኤሪክ ሳቲ በ1917 «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» ብሎ የሰየማቸውን ድርሰቶች የጻፈው ሰዎች እንደ ወንበር እንዲኖሩባቸው እንጂ እንዲያደንቋቸው አልነበረም፤ ብራያን ኢኖም በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን አልበም ሲያወጣ ሙዚቃው ችላ ቢባልም የማይከፋ እንዲሆን አስቦ ነው። በየቤታችን ቡና ሲፈላ የሚከፈተው ሬዲዮስ መቼ ይደመጣል? እንዲህ ያለ ሙዚቃ «ሙዚቃ አይደለም» የሚሉ መምህራን ገጥመውኛል፤ ክርክራቸው ሙዚቃ ሁሉ የኮንሰርት አዳራሽ እንዲሆን ከመፈለግ ያለፈ ሆኖ አላገኘሁትም።

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌሎች ቅጂዎች ላይ ሲለጠፍ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአገራችን ካሴት ሸክላን እየተካ ሲሄድ፣ ዘፈኖች ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ። እያንዳንዱ ግልባጭ በቀደመው ሽውሽውታ ላይ የራሱን ይደርብበታል። ዛሬ እነዚህ ድምፆች በዲጂታል መልክ እንደገና ሲወጡ በአንዳንድ አቅራቢዎችና ተመራማሪዎች ዘንድ «ሎፋይ» ተብለው ይመደባሉ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ምሳሌ እንውሰድ። በ2024፣ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ «ሱቬኒርስ» በሚል ርዕስ የወጣው አልበም ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታቸው ፒያኖ እየተጫወቱና እየዘመሩ በራሳቸው ቴፕ የቀዷቸውን ይዟል። ከመስኮቱ ውጭ ያሉ ወፎች ይሰማሉ። የዛሬው የሎፋይ አቀናባሪ የወፍ ድምፅ ከማከማቻ መርጦ ይጨምራል፤ በእማሆይ ቤት ግን ወፎቹ ሳይጠሩ የመጡ ናቸው። ለጆሮ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። አንዱ ጌጥ ሲሆን ሌላው ግን ማስረጃ ነው።

ልዩነቱን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ለጥናቴ ከሰበሰብኳቸው ካሴቶች አንዱ አያቴ በቤታቸው መሰንቆ ሲመቱ የተቀዳ ነበር። ቴፑ ረጅም ዘመን ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ሽውሽውታው ከዜማው በልጧል። በኮምፒውተር ካስገባሁት በኋላ ትርፍ ድምፅ የሚያስወግድ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ፕሮግራሙ ሙዚቃ ከሌለበት ቦታ የሽውሽውታውን መልክ ያጠናና ያንኑ ከጠቅላላው ቅጂ ላይ ይቀንሳል። ውጤቱ ጥርት ያለ መሰለኝ፤ ኮርቼም ለአክስቴ አሰማኋት።

አክስቴ ጥቂት ሰማችና «ይሄማ የአባባ እጅ አይደለም» አለች። ቀጥላም «ዝናቡንስ ምን አደረግሽው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ዝናብ እንደነበረ አላወቅኩም ነበር። ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመልሼ በኢርፎን ሳዳምጥ፣ ቴፕ ነው ብዬ ካጠፋሁት ሽውሽውታ ውስጥ ግማሹ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሆኖ አገኘሁት። የ«እጁ» ነገርም ቢሆን ምክንያት ነበረው። የመሰንቆው ጭራ በደጋኑ ሲፈተግ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ ከቴፑ ሽውሽውታ ጋር በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ ፕሮግራሙ ሁለቱን መለየት አልቻለም። አንዱን ሲጠርግ ሌላውንም ጠርጎታል። የቀረው ዜማው ብቻ ነበር፤ ማንም ሊመታው የሚችል ዜማ።

ዝናቡ ሌላም ነገር ሰጠኝ። በካሴቱ ላይ ቀን አልተጻፈበትም ነበር። አክስቴ ግን ያ ቤት ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የተለወጠው በ1974 ዓ.ም. መሆኑን፣ አያቴም ከ1977 ዓ.ም. በኋላ በእጃቸው ሕመም ምክንያት መሰንቆ እንዳልያዙ ታስታውሳለች። እንዲያ ያለ ዝናብ ደግሞ የክረምት ነው። ስለዚህ ቅጂው በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ተወሰነ። ይህን ያገኘሁት በፕሮግራሙ አስተያየት «ትርፍ» ከሆነው ድምፅ ነው።

የዝናብ ድምፅ የተጨመረበትን ሎፋይ አሁንም እየሰማሁ እጽፋለሁ፤ ያ ዝናብ በየትኛው ጣሪያ ላይ እንደወረደ ጠይቄ አላውቅም፣ መጠየቅም አይጠበቅብኝም። ለካሴቶቹ ግን መዝገቤን ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያው ቅጂ ምንም ሳይነካ ይቀመጣል፤ የተጣራ ቅጂ ካስፈለገም ምን እንደተወገደ ተጽፎበት ለብቻው ይያዛል። ከሌሎች የተረከብኩት የመመዝገቢያ ቅጽ «የድምፅ ጥራት» በሚለው ዓምድ ሥር «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ብቻ ነበሩት። ዓምዱን ሰርዤ «ከሙዚቃው ሌላ የሚሰማ» በሚል ተካሁት። በአያቴ ካሴት መስመር ላይ የቴፕ ሽውሽውታ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ በ11ኛው ደቂቃ ላይ የሕፃን ሳል ተብሎ ሰፍሯል። የሕፃኑን ማንነት ገና አላጣራሁም፤ አክስቴ «የአንቺ አባት ሳይሆን አይቀርም» ብላኛለች፣ ነገር ግን ዕድሜው ከቀኑ ጋር አልገጥም ብሎኛል።