መንጠቆ ከመያዛችን በፊት

የማኅበራችን አባሎች በመጪው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ አንድ ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ በማጥመድ እንድናሳልፍ የቀረበው ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ገሚሱ «ሐይቁ በሽታ አለበት፤ ይቅርብን» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «በልጅነታችን ስንዋኝበት ያልገደለን ዛሬ አይገድለንም» ባይ ነው። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ጉዞው መቅረት የለበትም፤ እንደ አምናው መሆንም የለበትም።

አምና የሆነውን ያልሰሙ አባሎች ስላሉ እናንሣው። በነሐሴ አምስት ሆነን ወደ ሐዋሳ ወርደን ነበር። ማታውን በጨዋታ ስላመሸን ሐይቁ ዳር የደረስነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ዓሣው አልያዝ ሲለን ሱሪያችንን ጠቅልለን ከቄጠማው መሐል እስከ ጉልበታችን ገባን፤ ሁለት ሰዓት ያህልም ቆምን። አንድ ቆሮሶ እንኳ ሳንይዝ ከዓሣ አጥማጆቹ ገዝተን በላን። ወደ ትምህርታችን ከተመለስን በኋላ አንዱን ጓዳችንን ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የሚያሳክክ ሽፍታ ያዘው። የታየበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኀኒት ሰጠው፤ በምን ውሃ ውስጥ እንደ ነበረ የጠየቀው አልነበረም። ይበልጥ የሚያሳፍረው ግን የእኛ ነገር ነው። ስለ ቢልሃርዚያ ተፈትነን ያለፍን አራት ሰዎች አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ አንዳችንም ሐይቁን አላስታወስንም። የነቃነው ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል በዝቶ ከታየ በኋላ ነው። በመጨረሻ አምስታችንም ስንመረመር በሦስታችን ላይ የትሉ እንቁላል ተገኘ።

ስሕተታችን ምን ነበር? ሰዓቱና ቦታው። የአንጀት ቢልሃርዚያ እጭ የሚያድገው በውሃ ዳር ሣር መካከል በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ውሃው የሚበተነው ብርሃን ሲበረታ ሲሆን፣ ይበልጡን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቆዳ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። እኛም በዚያች ሰዓት በዚያ ቄጠማ ውስጥ የቆምነው ቀጠሮ ያለን ይመስል ነበር።

ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሣ እንላለን። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ የሚያነሡት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከእነርሱ ጋር በጀልባ ገብተን 3 ሰዓት ሳይሞላ እንውጣ። ማለዳ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋምና ቦት ጫማ ያልያዘ ደረቁ ላይ ይቆይ። «ክኒን ውጠን እንገባለን» የሚሉም አሉ። ፕራዚኳንቴል በደንብ የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ነው፤ በገባንበት ቀን ብንውጠው ለለጋው እጭ እምብዛም አይሠራም። ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይሁን፤ ይህም እዚህ ከተመለስን በኋላ ማለት ነው። አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ለመቅመስ የቋመጡ ወንድሞችም ይቅርታ ያድርጉልን፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ የክር ትል እጭ ይገኝበታል፤ እሳት ግን ይገድለዋል። ጥብሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

«ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለምን እንሄዳለን?» ለሚሉን መልሳችን ዓሣ አጥማጁ ነው። እርሱ ሰዓት መርጦ አይገባም፤ መረቡን ሲጎትት፣ ጀልባውን ሲገፋ፣ ዓሣውን ሲያጥብ ውሃው ውስጥ ነው። እኛ በመጽሐፍ ሥዕል የምናየውን በሽታ እርሱ ከእንጀራው ጋር ተሸክሞታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው በማየታቸው ነበር። እኛ አምና ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃው ውስጥ ቆመን ከመንጠቋችን ጫፍ በስተቀር ያየነው ነገር የለም። ዘንድሮ ከመረቡ ባለቤት ጋር ሁለት ሰዓት እናውራ። መድኀኒት ይዘን ሄደን እናድል የሚለውን ሐሳብ ግን አንደግፍም፤ ሐኪም ገና አልሆንንም፤ ክኒኑም በሰውነት ክብደት ተመዝኖ የሚሰጥ ነው፤ በአካባቢው ያለው ጤና ጣቢያ ያውቅበታል።

የጀልባውን ኪራይ ሳንከራከር እንክፈል። መዋጮው እስከ ግንቦት መጨረሻ ለገንዘብ ያዣችን ይድረስ። አምና የታመመው ጓዳችንም እንደሚመጣ ነግሮናል፤ ቦት ጫማውን ከሁላችን ቀድሞ ገዝቷል።